ወንፊት ላይ ያረፈች ላፕቶፕ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄን ይበርደኛል። የደሴ ብርድ ድሮም የታወቀ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ በበር ስንጥቅ ገብቶ፣ አልጋ ድረስ የሚከተል ብርድ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ግን እጄን ደፍሮኝ አያውቅም። ጎረቤቶቼ «ዕድሜ ነው ብርቄ፣ ጓንት አድርጊ» ይሉኛል። ዕድሜውንስ አልካድኩም፤ ነገር ግን እጄ የሚበርደው የለመደው እሳት ተለይቶት ነው። እሳት የምለው አንዲት ጥቁር ላፕቶፕ ናት። ስሠራባት አማርሬያት አልጠገብኩም፤ ዛሬ ደግሞ ናፍቃኛለች። ሰው እንዲህ ነው፣ የያዘውን ይረግማል፣ የለቀቀውን ይናፍቃል።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ደሴ፣ በታይፕ ዘመን ነው። የታይፕ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ሳይሆን ዝቅ የሚል ሴት። ታይፑ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። «ቢስሚላህ» ሳይሉ የመጀመሪያዋን ፊደል አይመቱም። እኔ በመጀመሪያው ቀን አንጓዬን ታይፑ ጠርዝ ላይ አሳርፌ ስመታ አዩኝና በማስመሪያ ከሥር ቀስ አድርገው አነሱት።

«ሥራሽ አልቋል?» አሉኝ።

«ኧረ ገና ነው እትዬ።»

«እንግዲያው አንጓሽን ምን አስተኛው? አንጓ የሚተኛው ሥራ ሲያልቅ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንጓዬን አስተኝቼ ጽፌ አላውቅም። ጣት ከላይ እንደሚወርድ ዝናብ መውረድ አለበት ይሉ ነበር፤ የተኛ እጅ የሚመታው ፊደል ከሌሎቹ ደብዝዞ ይቀራል፣ በካርቦን የሚወጣው ሦስተኛው ቅጂ ላይማ ጨርሶ አይታይም። ሲያርሙ ገጹን ከታች ወደ ላይ ያነባሉ፤ ከላይ ወደ ታች ሲሆን ዓይን ታሪኩን እየተከተለ ስህተቱን ያልፈዋል ብለው ነው። የተቆጣ ሰው አቤቱታ ሊያስጽፍ ከመጣ ደግሞ አይመቱለትም። ያስቀምጡትና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። ንዴቱ ሲበርድለት «አሁን ተናገር» ይሉታል። ለተስማሙ ሰዎች ግን ከምሳቸው ተነሥተው ይጽፉ ነበር። «የተስማማ ልብ ብዙ አይጠብቅም፤ ወረቀቱ ይድረስበት» የሚል ነበር አነጋገራቸው።

ከሥራ ስንወጣ በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል ታይፑ ላይ ያለብሳሉ። እቤታችን ሬዲዮውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ቡፌውም ዳንቴል ለባሽ ስለሆነ አልገረመኝም። እሳቸው ግን የሚያለብሱት ለጌጥ አልነበረም። «ቀን የለፋች ማታ ትልበስ እንጂ» ይሉ ነበር፣ እንደ ሰው አድርገው።

ከዚያ ኮምቦልቻ ተመደብኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ ሹራብ ደርበሽ ሚኒባስ ትገቢያለሽ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርጂ ሹራቡ ይወልቃል፣ ኮምቦልቻ ስትደርሺ በወረቀት ማራገብ ይጀመራል። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ስለነበረ እሱን ልተወው። ታይፑ ተነሥቶ ኮምፒውተር የገባው እዚያ ሳለሁ ነው። ቆይቶ ደግሞ ኃላፊያችን አዲስ ላፕቶፕ ሲሰጣቸው የድሮዋ፣ እንደ ትልቅ እህት ቀሚስ፣ ወደ እኔ ተላለፈች።

ያቺ ናት እንግዲህ። ገና ስትከፈት እንደ ወፍጮ ቤት ትጮሃለች። ጥቂት ከሠራሁባት በኋላ በግራ በኩል ያሉት ፊደሎች ጣት ያቃጥላሉ፤ አንጓ የሚያርፍበት ቦታማ አይነካም። ጭን ላይ ያስቀመጣት ሰው ወዲያው ብድግ ይላል። አንጓዬን አንሥቼ መጻፍ መልመዴ ጠቀመኝ እንጂ ጣቴስ ከምን ያመልጣል? የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነላት። አንዱ አራት የለስላሳ ቆርኪ ከማዕዘኖቿ ሥር አስገባ፤ እውነትም ተሻላት፣ ግን ጠንከር አድርጌ ስመታ እየተንሸራተተች ትሸሸኛለች። ሌላዋ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አጠገቧ አስቀመጠች፤ ጠርሙሱ አላበውና ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛውም አልፎ የሰው ደብዳቤ አራሰው። ቬንትሌተር ሲዞርባት ወረቀት ሁሉ በረረ። በመጨረሻ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ተገኘልኝና ጣቴ ዐረፈ። እሷ ግን መጋሏን አልተወችም።

ወደ ደሴ ስመለስ አብራኝ ተመለሰች። ኪቦርዱ ግን የኮምቦልቻ ንብረት ነው ተብሎ እዚያው ቀረ። ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ኮምቦልቻ የረገሟትን ያህል ደሴ መረቋት። ጧት ጧት የሥራ ባልደረቦቼ «ምድጃዋ ነደደች ወይ?» እያሉ ይመጡና እጃቸውን ያሞቁባታል። እኔም፣ ልዋሽ አይገባኝም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ለእጄ ስል መጋሏን ይቅር አልኳት።

እትዬ ዘሀራ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ ኮምቦልቻ ሴት ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። አንድ ቀን ሊዘይሩኝ መጥተው ላፕቶፗን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አዩዋትና «ራቁቷን አስቀመጥሻት?» ብለው ዳንቴል ላኩልኝ። የምትከፈት ስለሆነች ከላይ ማልበስ አልተመቸም፤ ከሥሯ አነጠፍኩላት። አምሮባት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሥራ መሐል ድርግም እያለች መጥፋት ጀመረች።

ፒያሳ አካባቢ ከድር የሚባል ጠጋኝ ነበር፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ። የሆዷን ክዳን ፈትቶ በወረንጦ ከማራገቢያዋ ውስጥ የጥጥ ብናኝ እየጎለጎለ አወጣ።

«እትዬ፣ ከሥሯ ምን ያነጥፉላታል?» አለኝ።

«ዳንቴል።»

ሳቀ። «ወላሂ የኛ ሰው! ይቺ እኮ በሆዷ ነው የምትተነፍሰው። ከሥሯ አየር ስባ በጎኗ ትተፋለች። እናንተ ክብር መስሏችሁ አፈናችኋት።»

ጠርጎ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ቀይሮ ሰጠኝ። መጋሏ ጨርሶ ባይጠፋም መጥፋቷ ቀረ። ዳንቴሉን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለእትዬ ዘሀራ ግን እንዴት ልንገራቸው? ስኳር ዓይናቸውን እያደከመው ነበር፤ ከሚያውቁት ሥራ ሁሉ የቀራቸው ኪሮሹ ብቻ ነው። ስልክ ሲደውሉ «ዳንቴሉስ?» ይላሉ፣ እኔም «አለ፣ ደህና ነው» እላለሁ፣ ስለ ሰው እንደሚወራ።

አሁን ያን ቀን ልናገር። ሰኞ ነበር፣ የገበያ ቀን። እትዬ ዘሀራ ሳላስብ መጡ፤ የሚኒባሱ ረዳት ክንዳቸውን ይዞ በር ድረስ አደረሳቸው። ተሳሳምን፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ላፕቶፗን ዳበሱ።

«ዳንቴሉ የት ሄደ?»

«ታጥቦ ነው እትዬ።»

«እንደሚያረጅ አውቄ ነው» አሉና ከዘንቢላቸው አዲስ ነጭ ዳንቴል አወጡ። «ዓይኔ ስለከዳኝ በጣቴ እየዳበስኩ ነው የሠራሁት። ጉድለት ካለው አፉ በይኝ።»

አየሁት። አንዱ ማዕዘን ላይ ቀለበቶቹ ተዛብተዋል። ያንን ያየ ሰው «ይሄ ማሽኗን ያፍናታል» ይላል? እኔ አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። በገዛ እጃቸው ብድግ አድርገው አነጠፉላት፤ «ኮምቦልቻ ቢሆን ነበር የሚያሰጋው፣ ደሴ ብርድ ነው፣ ምንም አትሆን» ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ወዲያው ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሰዎች ገቡ። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የአገር ሽማግሌዎች ያስታረቋቸው ሰዎች ስምምነታቸውን በጽሑፍ የሚያስይዙበት ነው። የገቡት አንዲት እናት፣ ሁለት ልጆቻቸውና ያስታረቋቸው ሽማግሌ ናቸው። እናትየዋ እማማ ሐዋ ይባላሉ። ትልቁ ሰይድ፣ ትንሹ ይመር ነው። አባታቸው ትተውላቸው ያለፉት የአትክልት መሬት በአንድ ቦይ ውሃ ይጠጣል፤ በውሃው ተራ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም፣ አንዱ ለቅሶ ቤት ከገባ ሌላው ይወጣል። እማማ ሐዋ ደግሞ «ሁለቱ ከአንድ ገበታ ሲበሉ ሳላይ አፈር አልገባም» ብለው በር ለበር ሽማግሌ ሲለምኑ ከርመዋል። ያን ጧት ወንድማማቾቹ አፉ ተባብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው ነው ወደ እኔ የመጡት። የይመር ዓይን ገና እርጥብ ነበር።

ሽማግሌው ቃል በቃል ያስጽፉኛል፣ እኔ እመታለሁ። እማማ ሐዋ ጆሯቸው ከበድ ስላለ የጣቴን እንቅስቃሴ እያዩ «አለቀ ወይ ልጄ?» ይላሉ። «ትንሽ ቀረው እማማ» እላለሁ። ልጆቹ ይሥቃሉ። ላፕቶፗ ማጓራት ጀመረች። ግራ ጣቶቼን ለበለበችኝ፤ አፈጠንኩ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስደርስ ድርግም አለች።

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው።

«ግላ ነው፣ ቀዝቀዝ ስትል ትነሣለች።»

አስነሣኋት፤ ሳልጨርስ እንደገና ጠፋች። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ወጥተው ጠበቁ። በዚህ መሐል ይመር፣ ለጨዋታ ብሎ ነው፣ ጥርሱም ይታይ ነበር፣ «እኔን ብሎ ነው እንጂ፤ ድሮስ የኔ ተራ ሲደርስ አይደለ ውሃው የሚቆመው?» አለ።

ሰይድ ዘወር አለ። «ማን አቆመው ነው የምትለው?»

«ኧረ በአላህ ቀልዴን ነው።»

«አይደለም። ተናገር፣ ማን አቆመው?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልዘርዝረው አልፈልግም። የቆየው ሁሉ ተቆፍሮ ወጣ። ሽማግሌው መሐል ገብተው ቢለምኑ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄደ። ላፕቶፗ ቀዝቅዛ ስትነሣ በረንዳው ላይ የቀሩት እማማ ሐዋ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ የተባባሉትን አልሰሙም። ቀና ብለው አዩኝና «አለቀ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘሀራ አላዩም፣ ሁሉንም ግን ሰምተዋል። ሽማግሌው ተመልሰው እማማ ሐዋን ይዘው ከሄዱ በኋላ ላፕቶፗን ዳበሷት፤ እጃቸውን ሳብ አደረጉ። እንደገና ዳበሱና ጣታቸው ከሥር ወዳለው ዳንቴል ገባ።

«ይሄ ነው?» አሉ።

ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተጠጋኋቸው።

«ብርቄ፣ ይሄ ነው ወይ ያፈናት?»

«አዎ እትዬ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዳንቴሉን ስበው አወጡት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ ወንድማማች በተንሽ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ?» በሥራ ዘመኔ በደብዳቤ ያስጠነቀቁኝ፣ ከነጭራሹ ስሜን የማያውቁ አለቆችም ነበሩኝ። የአንዳቸውም ነገር እንደዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ አላቃጠለኝም። አለቀስኩ። እሳቸው ዳንቴሉን አጣጥፈው እጄ ውስጥ አስቀመጡና «ይሄ ሲበርዳት ነው የምትለብሰው» አሉ። ቀጥለውም «አሁን ተነሽ፣ የጀመርነውን ቤታቸው ሄደን እንጨርሳለን» አሉኝ።

በሳምንቱ ኃላፊያችንን አስፈቅጄ ላፕቶፗን አንግቤ፣ እትዬ ዘሀራን ደግፌ፣ ከሚኒባስ ወርደን በእግር መንገዱ ሄድን። «ይድረስ እንጂ እግሬ ምን ቸገረው» እያሉ በየድንጋዩ ይደናቀፋሉ። ሰይድ ቤት ስንደርስ ሽማግሌውም ተጠርተው መጡ። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «በንዴት ተናገርኩ፣ እኔ እፈርማለሁ» አለ። ይመር ግን የለም። በዚያው ዕለት እቤቱ ሳያድር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር መሄዱን ከሰው ነው የሰሙት።

«ይሁን፣ ጨርሺው» አሉኝ እትዬ ዘሀራ። ጠረጴዛ አልነበረም። ላፕቶፗን የት ላስቀምጣት ብዬ ስፈልግ እማማ ሐዋ ተነሡና ዱቄት የሚነፉበትን ወንፊት አምጥተው፣ አራግፈው፣ በርጩማ ላይ ደፉልኝ። ምን አስበው እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ንጹሑ እሱ ሆኖባቸው ይሆናል። ላፕቶፗን ተደፍቶ ከተቀመጠው ወንፊት ላይ አስቀመጥኳት። አየሩ ከሥሯ ገባላት። ሽማግሌው የጎደለውን አንቀጽ አስጻፉኝ፣ መታሁት። ማጓራቷን ትታ እንደ ድመት ነበር የምታንኮራፋው። እማማ ሐዋ እጃቸውን ጎኗ ላይ አስጠግተው ሙቀቷን ተቀበሉና፣ እንደፈራሁት፣ «አለቀ ወይ?» አሉ።

እትዬ ዘሀራ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው «አንድ ጣት ቀርቶታል እማማ፤ የይመር ጣት ብቻ» አሏቸው።

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አሉ እማማ ሐዋ። ማተሚያ ስላልነበረ ሰይድ ውሉ የሚታተምበትን ባዶ ወረቀት ግርጌው ላይ ፈርሞ ሰጠኝ። ስንወጣ እማማ ሐዋ ወንፊቱን ይዤው እንድሄድ አስገደዱኝ። «እሱ እስኪመጣ እንዳትጠፋብሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፗ ከወንፊት ላይ ወርዳ አታውቅም። ባልደረቦቼ «ብርቄ፣ ዛሬስ ዱቄቱ ስንት ወጣው?» እያሉ ቀለዱብኝ፤ ይቀልዱ። አዳዲስ፣ ቀጫጭን፣ ድምፅ የሌላቸው ላፕቶፖች መጡ፤ ለሌላው ሥራ ተቀበልኩ፣ ያቺን ግን ለማስረከብ በተጠየቅሁ ቁጥር ሰበብ እፈጥር ነበር። ያ ውል ውስጧ አለ። ወደ አዲሱ መገልበጥ እንደሚቻል ጠፍቶኝ አይደለም። በእሷ ላይ ካልተጨረሰ የተጨረሰ አይመስለኝም ነበር።

እማማ ሐዋ ሁለቱን ከአንድ ገበታ ሳያዩ ዐረፉ። ለቅሶው ላይ ሰይድን አገኘሁት፤ የይመርን የውሃ ተራ እየጠበቀለት እንደሆነ ነገረኝ። እትዬ ዘሀራም ተከተሉ። የሞቱ ለታ ኮምቦልቻ ወርጄ ተመለስኩና፣ በማግስቱ ቢሮ ገብቼ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ውጭ ሐዘኔን የምወጣበት መንገድ አላውቅበትም። ሲበርዳት፣ ከሥራ ስንወጣ፣ ያንን ማዕዘኑ የተዛባ ዳንቴል አለብሳት ነበር።

ጡረታዬ ደርሶ ዕቃ ላስረክብ ስሰናዳ አንድ ጢሙ የሸበተ ሰው በር ላይ ቆመ። ድምፁን እንጂ መልኩን አልለየሁትም።

«እትዬ፣ ያቺ የኛ ወረቀት... አለች?»

ይመር ነበር። አስቀመጥኩት። ወንፊቱ ላይ ያለችውን ላፕቶፕ ከፈትኳት። ስትነሣ ዘመን ፈጀች፣ ጋለች፣ ውሉን አወጣችው። አንዲት ስህተት እንዳታልፈኝ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ ከዚያ ለእሱ ከላይ ወደ ታች አነበብኩለት። ሰይድ ግርጌው ላይ በፈረመበት ወረቀት አተምኩት። ሰይድ ቀደም ብሎ መፈረሙን፣ በቦዩም ላይ የይመርን ተራ ለማንም ሳያሳልፍ መጠበቁን ነገርኩት። እስክሪብቶ አነሣ።

«እማ... ያን ቀን ምን አለች?» አለኝ።

«‹አለቀ ወይ?› ነው ያሉት። ‹የይመር ጣት ብቻ ቀርቷል› ተባሉ። ‹ይመጣል› አሉ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መጻፍ የሚችል ሰው ነው፤ ግን የማኅተሙን ቀለም ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አውራ ጣቱን ነከረና ከወንድሙ ፊርማ ጎን ረጅም ጊዜ ተጭኖ ቆየ። ጣቱን ሲያነሣ ዓይኑ እንደዚያን ዕለት እርጥብ ነበር። «አሁን ሰይድ ቤት ነው የምሄደው። ምሳ ይጠብቀኛል» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። በመስኮት የሰኞ ገበያ ጫጫታ ይሰማል። ላፕቶፗ ወንፊቷ ላይ ታጓራለች። «አለቀ እማማ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ፣ ከታይፑ የመጀመሪያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለቱንም አንጓዎቼን ላፕቶፗ ላይ አስተኛኋቸው። አቃጠለኝ። አላነሣሁም።